ቤት ለቤት የደም ግፊት ይለኩ በነበሩት ሲስተር ዕረፍትና ማኅበራችን በሰጠው ድምፅ ላይ የወጣ የሀዘን መግለጫ

ይህን የምጽፈው እኔ የጤና ጣቢያው ተገልጋዮች ማኅበር ሊቀ መንበር ነኝ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ምግቤን ራሴ አበስላለሁ፣ ልብሴን ራሴ አጥባለሁ፣ የጤና ጣቢያውን ደረጃ ያለ ምርኩዝ እወጣለሁ። ሙያዬ ግንበኝነት ነበር፤ ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው። የማኅበሩ ጸሐፊ አስተማሪ ስለሆኑ "አባባ፣ እኔ ልጻፈውና እርስዎ ይፈርሙበት" ብለውኝ ነበር። ሰው ጽፎልኝ የፈረምኩት አንዱ ይበቃኛል ብዬ እንቢ አልኩ።

ማኅበራችን፣ በጤና ጣቢያው ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገሉት ሲስተር ባለፈው ማክሰኞ በኩላሊት ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን ለአባላቱ፣ ለሠራተኛውና ለሰፈሩ ሰው በከባድ ሀዘን ያሳውቃል። ዕድሜያቸው ሃምሳ አራት ነበር። ሰፈሩ "እግረኛዋ" ይላቸው ነበር።

በሥራቸው አንደኛ ዓመት በክትባት ክፍል ተመደቡ። እናቶች እስኪመጡ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው አልጠበቁም። የቀሩትን ሕፃናት ዝርዝር ይዘው በር ማንኳኳት ጀመሩ።

ከስምንተኛው ዓመት ጀምሮ ቤት ለቤት የደም ግፊት ለኩ። አንድ መቶ ስድሳ አራት ቤት በወር አንድ ጊዜ ያዳርሱ ነበር። በየቤቱ በር ጀርባ አንዲት ካርቶን ሰቅለው የዕለቱን ቁጥር ይጽፉባት ነበር፤ ቁጥሩ ከወር ወር ከፍ ካለ ክኒኑን ሐኪሙ እንዲያስተካክል ያደርጋሉ። ባለቤቴን ሲለኳት "እማማ፣ እኔን የሚያስፈራኝ ደህና ነኝ የሚል ሰው ነው" ይሏት ነበር። እሷም "እንግዲያው ከዚህ ሰውዬ ጀምሪ ልጄ፣ እሱ ከተወለደ ጀምሮ ደህና ነው" ትላቸው ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት የሲስተር ሥራ ነበር።

በሃያ ሁለተኛው ዓመት ጤና ቢሮው በጀት አንሶኛል፣ ሁለት ዓይነት ልኬታ ይዤ መቀጠል አልችልም አለ። አንደኛው የሲስተር ቤት ለቤት ነው። ሁለተኛው በሜዳ ድንኳን ተተክሎ በሦስት ቀን የሚያልቅ ዘመቻ ነው። ሁለቱ ይነጻጸሩ፣ በትንሽ ወጪ ብዙ የሚጠቅመው ይቆይ፣ ማኅበሩም ድምፁን ይስጥ ተባለ።

ማኅበሩ እዚህ ላይ የሠራውን አይደብቅም። ሰው እንዲመጣ ተብሎ በድንኳኑ ለተለካ ሁሉ አንዳንድ ሳሙና ይሰጥ ነበር። ሰዉም ሁለቴ ሦስቴ ተሰለፈ። ሊቀ መንበሩ ሦስቴ ተሰልፏል። መዝጋቢዋ "አባባ፣ ቅድም ተለክተው የለም እንዴ?" ብትለኝ "ያ ግራ ክንዴ ነው፣ አሁን ተራው የቀኙ ነው" አልኳት። ሰልፉ ሳቀ። እሷም እየሳቀች ጻፈችኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት ሰው ተለካ ተብሎ ተጻፈ። የዘመቻው ወጪ ለዚህ ሲካፈል ለአንድ ሰው የደረሰው የቤት ለቤቱ ሩብ ብቻ ሆነ። ገንዘብ ያዣችን "ጎበዝ፣ ይኼ ክርክር አያሻውም፤ በአንድ ሰው ዋጋ አራት ሰው ነው" አሉ። መጀመሪያ እጁን ያወጣው ሊቀ መንበሩ ነው። ስድስቱ የኮሚቴ አባላት ተከተሉት። ከቢሮው ተጽፎ የመጣው ማነጻጸሪያ ላይም ፈረመ።

በሳምንቱ ሲስተር የዘመቻውን መዝገብ ስም በስም አመሳክረው ሁለት ገጽ ደብዳቤ አመጡ። የተለካው ሦስት መቶ አራት ሰው ነው፣ ቀሪው ተመልሶ የተሰለፈ ነው ይላል። ዘመቻው ግፊት እንዳለበት የማያውቅ አዲስ ታማሚ ያገኘው ስድስት ብቻ ሲሆን፣ ቤት ለቤቱ በዓመቱ ከአራት መቶ አሥር ሰው ሠላሳ ስምንት አግኝቷል። ስለዚህ አንድ ታማሚ ለማግኘት ዘመቻው ያስወጣው የቤት ለቤቱን ሦስት እጥፍ ተኩል ነው። መጨረሻው ላይ "ሰልፍ የሚወጣው መራመድ የሚችል ነው። እባካችሁ ክንድ አትቁጠሩ፣ ሰው ቁጠሩ" ይላል።

ደብዳቤውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ቁጥር በዛበትና ማንበብ ከበደኝ። አንብቡልኝ ማለት ደግሞ ከዚያ የባሰ ከበደኝ። አጥፌ ኮቴ ኪስ ከተትኩት፣ ለኮሚቴውም የምስጋና ደብዳቤ ነው አልኩ። ሙሉውን የሰማሁት ሲስተር ባረፉ ማግስት፣ ጸሐፊያችን ሲያነቡልኝ ነው።

በዚያው ዓመት ቤት ለቤቱ ተዘጋ። ሲስተር ካርድ ክፍል ተመደቡ፤ መለኪያው የመሥሪያ ቤቱ ነው ተብሎ ተወሰደባቸው። በእረፍት ቀናቸው ከጓደኛ ተውሰው ከአልጋ የማይነሱትን መጎብኘት ቀጠሉ። በሳምንት ከአራት አምስት ቤት በላይ አልቻሉም።

የእኛ ቤት ተራ አልደረሰም። ባለቤቴ እግሯን ስለሚያማት ድንኳኑ ጋ አልወጣችም ነበር። "ሲስተር ምነው ጠፉ?" ስትለኝ "ንግሥት ነሽ እንዴ ቤትሽ ድረስ የሚመጣልሽ? እንደ ሰው ተሰለፊ" አልኳት። ደህና ነኝ ብላ ክኒኑን ተወች። ካርቶኗ ላይ የሚጽፍ ስላልነበረ ማንም አላወቀም። በአምስተኛው ወር አንጎሏ ውስጥ ደም ፈሰሰ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛች፣ አፏን ሳትፈታ ሞተች። ለእነዚያ ቀናት የወጣው ሲስተርን ሰፈሩን በሙሉ አራት ወር ያዞር ነበር። ይህ በማነጻጸሪያው ውስጥ የለም። የወደቀ ሰው ወጪ በሌላ መዝገብ ነው የሚጻፈው፤ ሳይወድቅ የቀረ ሰው ደግሞ በየትኛውም መዝገብ አይጻፍም።

ሲስተር ለቅሶ መጥተው ከጎኔ ተቀምጠዋል። ደብዳቤውን አላነሱብኝም።

ማኅበሩ ተስፋ አለ ብሎ አይዋሽም። ያ ማነጻጸሪያ ለሦስት ሌሎች ሰፈሮች ምሳሌ ተብሎ ተልኮ የእነሱም ቤት ለቤት ተዘግቷል። ሐሙስ ዕለት ቢሮው ሄደን ስንጠይቅ ኃላፊው "አባባ፣ ነርሶቹ ተበትነዋል፣ በጀቱም ለሌላ ውሏል። አሁን ምን ይደረግ ነው የሚሉኝ?" አሉን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኛ ነን።

ለሲስተር እናት፣ ልጃቸውን ቀብረው ለቀሩት፣ ማኅበራችን አብሮ ያዝናል። ለካርድ ክፍል ባልደረቦቻቸው መጽናናትን ይመኛል። ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸው የምንለው ይህን ነው፦ እናታችሁ ትክክል ነበሩ፣ የተሳሳትነው እኛ ነን። ይህ በሕይወት ሳሉ ሊነገራቸው ይገባ ነበር።

ከዚህ በታች ያሉት ዕዳዎች የማኅበሩ አይደሉም፤ እኔ ራሴ እከፍላቸዋለሁ። ቢሮ ሄጄ ፊርማዬን አሰርዛለሁ፤ አይሰረዝም ካሉኝ ከጎኑ "ስህተት ነው" ብዬ በእጄ እጽፋለሁ። በሦስቱ ሰፈሮች ስብሰባ አስጠርቼ የሲስተርን ደብዳቤ አስነብባለሁ፤ ሲነበብ ቆሜ እሰማለሁ። ሲስተር ይጎበኟቸው የነበሩ ከአልጋ የማይነሱ ሃያ ሦስት ሰዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ በሩን እያዩ ነው። ሲስተር ከእንግዲህ እንደማይመጡ በየቤታቸው ሄጄ እነግራቸዋለሁ፣ ይህን ለማንም አልሰጥም። ለሁለቱ ልጆቼ ደግሞ እናታችሁ ድንገት ነው የሞተችው ብያቸው ነበር። ድንገት አልነበረም። ሁለቱንም አስቀምጬ እነግራቸዋለሁ።