የረሳሁት መግቢያ

ጥቅምት ፲፪። ሰማዩ ጠርቷል፤ ብርዱ ግን ያንቀጠቅጣል። ቤት የነበርነው እኔ፣ ልጄ ሰብለና የእናቴ እህት ነን።

ሰብለ ብልባላ ከተማ ያለውን፣ በእናቴ በኩል የዘመዳችንን ልጅ ልታገባ ትፈልጋለች፤ ሰባት ቤት ግን አልሞላም። ከተቀደደ የሒሳብ መጽሐፍ ገጽ በተማርኩት መንገድ ላስረዳት ሞከርኩ። አንድ ነገር ለቤተሰቡ ሁሉ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ፣ መጀመሪያ መነሻውን፣ ቀጥሎ አዲስ አባል የሚገባበትን መንገድ ሁሉ መፈተሽ ነው።

"መነሻችን አያቴ ናት። ከዘሯ የሚወለድ ሁሉ ደሟን ይወርሳል። ስለዚህ በቤታችን ያለ ሁሉ፣ አንቺም እሱም፣ አንድ ደም ነው። ጋብቻው አይሆንም።"

ሰብለ ማልቀስ ጀመረች። አክስቴ ምስር መልቀማቸውን ተዉት።

"ወደዚህ ቤት የሚገባው በመወለድ ብቻ ነው እንዴ? ጉዲፈቻውን የት ጣልሽው?"

"በእኛ ቤት ደግሞ ማን በጉዲፈቻ ገባ?" ብዬ ሳቅሁ።

"አንቺ ነሻ፣ ሆዴ። እናትሽ ከኮን ከተማ፣ ከሰው ቤት አዝላሽ መጣች።"

ሰብለ እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ ወደ አክስቴ ዞረች። ማረጋገጫዬን ያፈረሰው፣ ሳልፈትሸው ያለፍኩት መንገድ፣ እኔው ራሴ የገባሁበት ነው!

በማግስቱ ጠዋት ሰብለን "በደም በኩል የሚከለክልሽ የለም" አልኳት። ከዚያ ፊቴን ልታጠብ ወጣሁ። እጄ አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሰው ሁሉ "አፍንጫዋ ቁርጥ የእናቷን" ይለኝ ነበር። ታዲያ ይህ አፍንጫ የማን ነው?