ወረቀት ላይ ያልተሞከረው ጥይት

ውድ ድዋይት፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም፤ ተናድጃለሁ። ባለፈው ሳምንት ስደውልልህ «ስለ አደን ከሆነ፣ በኋላ እናወራለን» ብለህ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። አዎ፣ ስለ አደን ነው። ደብዳቤ ደግሞ ጆሮ ላይ አይዘጋም፤ ስለዚህ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው።

በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ የምታወራልን ስለ አዲሱ ጥይትህ ብቻ ነበር። እርሳስ ቀረ፣ ዘመኑ ተንግስተን የሚባለው ብረት ነው፣ አረሩ ደቃቅ ነው ግን ከባድ ነው፣ ስድሳ እርምጃ ላይ ያለ ተርኪ፣ ያ ትልቅ የዱር ዶሮ እንኳ አያመልጥም። ቁርስ ላይ እንቁላሉ እየቀዘቀዘ፣ እራት ላይ ባቄላው እየቀዘቀዘ ሰማንህ። አረሩ እንዳይበተን የጠመንጃህንም አፈሙዝ በአዲስ ማጥበቢያ አጠበብከው። ይሁን፣ የወደድከውን መግዛት መብትህ ነው።

ግን ከድርቆሹ ቤት ጀርባ የተርኪ ጭንቅላት የተሳለበትን ወረቀት የሰቀልንልህ ቀን ምን አደረግህ? ለእርግብ የምትተኩሰውን ርካሽ ጥይት አውጥተህ አነጣጠርክ፣ ማነጣጠሪያውንም በእሱ አስተካከልክ። «አዲሶቹንስ?» ብዬ ጠየቅሁህ።

«አብደሻል እንዴ ቨርና? እነዚህ እኮ በወረቀት ላይ አይባክኑም! አረር ያው አረር ነው።»

አባባ ከወንበራቸው ሆነው «ያው አይደለም ልጄ፤ ጥይት ሁሉ የየራሱ ጸባይ አለው። የምታድንበትን ነው መሞከር» አሉህ። ከልጅነታችን ጀምሮ የሚሉት ነገር ነው።

«ኤጭ፣ አባባ! እሱ የእርስዎ ዘመን ነው» አልካቸው። ሳቁ። ጥይቶቹንም ለእንግዳ እንደሚቀመጥ ሳህን ጠቅልለህ መልሰህ ከተትካቸው።

የአደኑ ወቅት በተከፈተበት ቀን ጠዋት ወንዙ ዳር፣ ትልቁ የኦክ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ነበር። እኔ ከኋላችሁ ስለነበርኩ ሁሉን አይቻለሁ። አባባ ራሳቸው ከጥድ እንጨት የጠረቡትን የተርኪ መጥሪያ ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው እንደ ሴት ተርኪ ጠሩ። በመከር ከታመሙ ወዲህ እጃቸው እንደሚንቀጠቀጥ ታውቃለህ፤ መጥሪያውን ሲይዙ ግን አይንቀጠቀጥም። አንድ አውራ ተርኪ ከሚያድርበት ዛፍ ላይ መለሰላቸው። ወረደ። ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ እየተንጎማለለ ሃያ እርምጃ ድረስ መጣ። ሃያ! ተኮስክ። ወፉ ተነሥቶ ወንዙን ተሻገረ፤ ላባ እንኳ አልጣለም።

የተናገርከው ግን ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ወደ አባባ ዞረህ «አበዙት እኮ! እንዲህ ሲጠሩት ደነገጠ፤ ሊበር ሲል ነው የተኮስኩት» አልካቸው። የሰማንያ አንድ ዓመት ሰው ላይ! ደንግጦ የሚሸሽ ወፍ ጅራቱን ዘርግቶ ሃያ እርምጃ ድረስ ይመጣል? እኔም ያኔውኑ አፌን አለመክፈቴ ዛሬም ያበግነኛል።

ቤት እንደገባን አባባ መጥሪያውን የወጥ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ጎረቤታችን ኦርቪል ሁለት ጊዜ መጥቶ «ክላይድ፣ ተነሥ እንጂ እንውጣ» ቢላቸው፣ «ለዘንድሮ በቃኝ፤ ጆሮዬም አርጅቷል» ብለው መለሱት። አሁን ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጠው ተርኪዎቹ ሲጮኹ ያዳምጣሉ። ይህን ማየት እንዴት እንደሚያበሳጭ አንተ አታውቅም፤ አንተ ከተማ ነህ።

ማክሰኞ ዕለት አልቻልኩም። ጠመንጃህን ከቁም ሳጥኑ፣ ረስተሃቸው የሄድካቸውን ሁለት ጥይቶች ከቤቱ ፒክአፕ መኪና አወጣሁና ወረቀት ሰቀልኩ። በአርባ እርምጃ ተኮስኩ፤ አረሩ በሙሉ አንድ ስንዝር ወደ ግራ ሄደ። በሃያ እርምጃ ተኮስኩ፤ ቡጢ የምታክል አንዲት ቀዳዳ ከጭንቅላቱ አጠገብ ተበሳች። አንገቱን የነካች አንዲት አረር የለችም። ትከሻዬ እስካሁን ጠቁሯል፤ እሱም በአንተ ይቆጠርልኝ።

ተኩሱን ሰምተው አባባ በምርኩዛቸው መጡ። ወረቀቱን ትክ ብለው አዩት።

«የእሱ ጥይት ነው?»

«የእሱ ነው። ወደ ግራ ይስታል፤ እርስዎ ምንም አላጠፉም!»

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ከወፉ በስተግራ የነበረው ቁጥቋጦ ሲበጠስ ያኔውኑ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉት?»

«ሰው ሲስት ያፍራል። ያፈረን ሰው ደግሞ ምን ትዪዋለሽ?»

«እሺ፣ መጥሪያውንስ ለምን ደበቁት?»

ምርኩዛቸውን አፈር ላይ ሲያሽከረክሩ ቆዩ። «እንደገና ወጥቼ ብጠራና አንዱ ወፍ ከተፍ ቢል፣ ወንድምሽ ያለው ነገር ውሸት ሊሆን ነው። ኦርቪል ደግሞ ለአገሩ ሁሉ ያወራል። ተዪው፤ ወረቀቱን አቃጥዪው።»

እሪ ልል ምንም አልቀረኝ! አንተ ስተህ ታኮርፋለህ፤ እሳቸው የአንተን ጥፋት ተሸክመው ሆድ ይፍጀው ይላሉ፤ መሃል ላይ እኔ አብዳለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔም ወረቀቱን አላቃጠልኩትም። አጥፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ስንዝርህን ዘርጋና ለካው።

ላዋርድህ ብዬ አይደለም፤ ወንድሜ ነህ፣ እወድሃለሁ። ግን አባባ ስንት ጸደይ የቀራቸው ይመስልሃል? የዘንድሮዋን ለአንተ ኩራት ብለው በረንዳ ላይ እየጨረሷት ነው። የአደኑ ወቅት ሊዘጋ ስምንት ቀን ቀርቶታል። እኔ ብነግራቸው አይሰሙኝም፤ ከአንተ አፍ ነው መስማት ያለባቸው።

ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ እዚህ ተገኝ። ጥይት አትግዛ፣ ስጦታም አታምጣ፣ በመንገድ ላይም ረጅም ንግግር አታዘጋጅ። በረንዳው ላይ ታገኛቸዋለህ። «አባባ፣ ሳትኩ» በላቸው፤ ሌላ ምንም አይጠበቅብህም።

ቡናውን አፍልቼ የምጠብቅህ፣
የተናደደችው እህትህ ቨርና