የመበለቲቱ ሰገነት፣ ከነባሏ

ለክቡር የቫልፓራይሶ «ሳያዩ አይሂዱ» ስፍራዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ከላስ ጎሎንድሪናስ ኮረብታ ተነሥቶ፣ ደረጃውን ሁሉ ወርዶ፣ ወደቡ አጠገብ ካለው ሞቃት ቢሮዎ እስኪደርስ ድረስ ጤናዎ የተሟላ፣ በተለይም ጉልበትዎ የጸና ሆኖ እንዲጠብቀው ከልብ እመኛለሁ። ጉልበትዎን ለይቼ መጥቀሴ ያለ ምክንያት አይደለም። ጽሕፈት ቤትዎ ስለ ኮረብታችን ይህን ያህል ያማረ ነገር ሲያሳትም ከሹማምንቱ አንዱ እንኳ ደረጃችንን ሲወጣ ስላላየን፣ አመመዎት ይሆን እያልን ስንሰጋ ከርመናል።

እኔ በወደቡ ጋዜጣ አራሚ ሆኜ ያረጀሁ ጡረተኛ ነኝ። ዓይኔን የጨረስኩት የሰው ስሕተት ስፈልግ ስለሆነ፣ ያማረ ዓረፍተ ነገር ሳይ ከማድነቄ በፊት እጠረጥራለሁ፤ ለዚህም አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የዘንድሮው ቡክሌትዎ ገጹ የሚያብረቀርቅ፣ ፎቶው የጠራ፣ በሁለት ቋንቋ የተሰናዳ ነው። አንድም የፊደል ግድፈት አላገኘሁበትም። ያገኘሁት ስሕተት አንድ የሞተ ሰው ብቻ ነው።

«ቁጥር አራት፦ የመበለቲቱ ሰገነት» ይላል ቡክሌቱ። «ባሏን ባሕር የወሰደባት ሴት በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ወጥታ፣ ሩቅ ሩቅ እያየች በረጅሙ ስትተነፍስ የምትታይበት ስፍራ።» ሴትዮዋ ጎረቤቴ ዶኛ ኤደልሚራ ቬራ ናቸው። እኩለ ቀን ላይ መውጣታቸው እውነት ነው፤ ዳቦ ሻጩ የሚያልፈው ያኔ ስለሆነ ቅርጫታቸውን በገመድ ወደ ደረጃው ያወርዳሉ። ሩቅ ማየታቸውም እውነት ነው፤ ዳቦ ሻጩ ሁልጊዜ ይዘገያል። በረጅሙ የሚተነፍሱበትን ምክንያት ደግሞ ዳቦውን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ባሕር ወሰዳቸው የተባሉት ባለቤታቸው ዶን አሊሮ ኦያርሱን በዚያ ሰዓት ከኋላቸው ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ምሳ ይጠብቃሉ። እኒህ ሰው ዕድሜያቸውን በወደቡ ክሬን ሲያንቀሳቅሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ጀልባ ላይ አንድ ቀን እንኳ ወጥተው አያውቁም፤ ያጥወለውላቸዋል።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን ቅሬታዎች፣ ቅሬታ ብለው ከቆጠሩልኝ፣ በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ። ዶን አሊሮ ከምሳ በኋላ ሰገነታቸው ላይ ተቀምጠው የወደቡን ክሬኖች ማየት ልማዳቸው ነው። ማየት ብቻም አይደለም፤ ወጣቶቹን ኦፕሬተሮች ከዚያ ከፍታ ላይ ሆነው ይገሥጻሉ። «አየሽልኝ ኤደልሚራ? ኮንቴይነሩን እንደ ድንች ከረጢት ወረወረው» ይላሉ። ጡረታ ያተረፈላቸው ደስታ ይኸው ነው። በበጋ የመርከብ እንግዶች መምጣት ሲጀምሩ አስጎብኚዎ ዬርኮ፣ ቢጫ ጃንጥላ የሚይዘው ትሑት ወጣት፣ ከደረጃው ሥር ቆሞ ጠራቸው።

«ዶን አሊሮ፣ አባቴ፣ ትንሽ ወደ ውስጥ ይግቡልኝ። እርስዎ እኮ የሉም።»

«የት ሄጄ ነው የሌለሁት?»

«ባሕር ወስዶዎት።»

«በዚህ በነጠላ ጫማዬ?»

«እንግዶቹ ፎቶ አንሥተው ወዲያው ይሄዳሉ። ከዚያ እርስዎ ይመለሳሉ።»

«ከባሕር?»

«ከወጥ ቤት፣ አባቴ።»

ሰው አክባሪ ናቸውና ገቡ። ክቡርነትዎ፣ እኔን ያሳሰበኝ መግባታቸው ነው። በማግስቱም ገቡ። በጋው ሲጋመስ ቢጫው ጃንጥላ ከታች ከማዕዘኑ ብቅ ሲል፣ ማንም ሳይጠራቸው ወንበራቸውን አንሥተው ወደ ጨለማው ይመለሱ ጀመር። ሰው ከሥራው ጡረታ ሲወጣ አይቻለሁ። ሰውን ከሕይወቱ በፈረቃ ጡረታ የሚያስወጣ መሥሪያ ቤት ግን የእርስዎ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ ለፈጠራው እንኳን ደስ አለዎት።

ሁለተኛ። ደግነትዎ በዛብን። መጀመሪያ ለዶኛ ኤደልሚራ «ለብርዱ ይሁንዎ» ተብሎ ጥቁር የሱፍ ሻል ተላከላቸው። ሻሉ ይሞቃል፣ አይካድም፣ እግዜር ይስጥልን። ቀጥሎ ሜትር የያዙ ሁለት ሰዎች መጥተው ሰገነቱን፣ በሩን፣ ከዚያም ማንም ሳይጋብዛቸው ሳሎኑን ለኩ። ለምን እንደሆነ ብጠይቅ «ለጥላ ነው» አሉኝ። ሳሎን ውስጥ ፀሐይ ስለማይገባ ጥላው ለማን እንደታሰበ ገና እያሰብኩበት ነው። በመጨረሻም ከበሩ አጠገብ የነሐስ ሰሌዳ ተሰቀለ። «አሊሮ ኦያርሱን፣ 1944 –» ይላል፤ ከሰረዙ በኋላ ባዶ ነው። ቀርቤ በአውራ ጣቴ ለካሁት። ለአራት ቁጥሮች ይበቃል፣ ለአምስት አይበቃም። ሰሌዳውን የሰቀለውን ሠራተኛ «ይህ ክፍት ቦታ ምን ይሠራል?» ብዬ ብጠይቀው «ለውበት ነው፣ አባባ» አለኝ።

እኔ መቼም ጽሕፈት ቤትዎ ቤቱን ሙዚየም ሊያደርገው አስቧል አልልም፤ የመበለት ሙዚየም ወጥ ቤቱ ውስጥ ባል ሲገኝበት እንደሚቸገር ግን ማንም ይረዳል። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይላሉ። ሻሉ ሲመጣ ስቀናል፤ ሰዎቹ ሜትር ሲዘረጉም ስቀናል። ሰሌዳው ላይ ስንደርስ እግራችን መሬት መልቀቁን አወቅን።

ሦስተኛው ቅሬታ በከፊል የእኛው ጥፋት ስለሆነ አጠር አደርገዋለሁ። ሰው በመንገድ ላይ በድንገት ሲሞት፣ ነፍሱ የምታርፍባት ትንሽ የቤት አምሳያ፣ አኒሚታ፣ የምናቆም ሕዝብ መሆናችንን ጽሕፈት ቤትዎ አይስተውም። ሻማ እናበራባታለን፤ የለመንነው ሲሰምር የምስጋና ሰሌዳ እንለጥፍባታለን። ለእንግዶች ያምራል ብላችሁ ለዶን አሊሮ አንዲት አቆማችሁ፣ ቀለም ቀባችኋት፣ ባዶዋን ትታችኋት ሄዳችሁ። ባዶ አኒሚታ ባለችበት ደግሞ የኛ ሰው እጁን አጣምሮ አይቀመጥም። መጀመሪያ ሻማ ይዛ የመጣችው ዓሣ ሻጯ ኖልፋ ነበረች።

«ኖልፋ፣ ሰውየው እኮ አልሞተም። ትናንት አንቺው ራስሽ ዓሣ ሸጠሽለታል» አልኳት።

«አውቃለሁ ዶን ባልዶ። በሕይወት ያለ ሰው ግን ቅርብ ነው፤ ቶሎ ይሰማል።»

የለመነችው ለልጇ የወደብ ሥራ ነበር፤ ልጁም በሳምንቱ ተቀጠረ። ኖልፋ የምስጋና ሰሌዳዋን ከለጠፈች በኋላ፣ ነገሩ ሙሉ ይሁን ብላ ደረጃውን ወጥታ ባለውለታዋን በአካል አመሰገነች፤ ሁለት የሚያማምሩ ዓሣዎችም ሰጠቻቸው። ዶን አሊሮ ዓሣዎቹን ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ ደረጃው በሻማ ሰም ያዳልጣል። እኔ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም፤ ያበራሁት አንድ ሻማ ስለ ግራ ዓይኔ ብቻ ነው፣ እሱም ለውጥ አላሳየም። ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ግን ይህን ነው፦ እስከዚህ ድረስ ዶኛ ኤደልሚራም ከኛ ጋር ይስቁ ነበር። ባላቸውን ለእራት ሲጠሩ «ሟቹ፣ ሾርባህ ቀዘቀዘ» ይሉ ነበር፤ ሟቹም «ነፍስ ይማር» እያሉ ወደ ገበታ ይቀርቡ ነበር።

አራተኛ። መሳቁ የቆመው ባለፈው ሰኞ ነው። በዚያ ቀን የተከበረው ጽሕፈት ቤትዎ፣ በቅዱስ ጴጥሮስ በዓል የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች ቅዱሱን ይዘው ባሕረ ሰላጤውን ሲዞሩ፣ «መበለቲቱ» በፊተኛው ጀልባ ላይ ሆና የባሏ ስም በሪባን የተጻፈበትን የአበባ ጉንጉን በካሜራዎች ፊት ባሕር ላይ እንድትጥል የሚጋብዝ ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤው በጣም ትሑት ነበር። ትሕትናው ያለቀው መጨረሻው መስመር ላይ ነው፦ «ካልተመቻቸው ሥነ ሥርዓቱን በምትካቸው የምትፈጽም ተዋናይት ተዘጋጅታለች።»

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ባሕር ከሌለበት ከመሐል አገር ከተማ እንደመጡልን ሰምቻለሁና ባያውቁት አይፈረድብዎትም። በኛ ደረጃ ላይ በዚያ በዓል ቀን ስሙ በአበባ ላይ ተጽፎ ባሕር የገባ ሰው ለባሕር ተሰጠ ማለት ነው። ለሞተ ሰው ስንጥል አደራ ነው፤ በሕይወት ላለ ሰው ሲጣል ግን ጥሪ ነው። የሚያምነውም የማያምነውም ይህን ያውቃል፤ የማያምነውም ቢሆን ስሙን ለጉንጉን አያበድርም። ይህንኑ ለቢሮዎ በጽሑፍ ብናስረዳ፣ በፊርማዎ «ማራኪ አጉል እምነት ነው፤ በሚቀጥለው እትም እናካትተዋለን» የሚል መልስ ደረሰን። ስለ ፍጥነቱ እናመሰግናለን።

የግብዣው ደብዳቤ የተነበበ ዕለት እዚያው ሳሎናቸው ውስጥ ነበርኩ። ዶን አሊሮ ከዚህ ክረምት መግቢያ ጀምሮ የማይለቃቸውን ሳል ስለው ሲጨርሱ፣

«ዕድሜዬን በሙሉ ከባሕሩ በላይ ተንጠልጥዬ ኖሬ አልወደቅኩም። አሁን በአበባ ሊወስደኝ ነው?» አሉ።

«ዝም በል አሊሮ» አሉ ዶኛ ኤደልሚራ። «በዚህ አትቀልድ።»

«ምን አልኩ?»

«ዝም በል አልኩህ። ስትስል ሰምቼሃለሁ።»

በነዚህ ባልና ሚስት ግድግዳ ጎን ስኖር፣ አንዱ የሌላውን ቀልድ ሲያስቆም የሰማሁት ያን ቀን ነው። አሁን ዶን አሊሮ ከምሳ በኋላ ሲያሸልባቸው ዶኛ ኤደልሚራ መዳፋቸውን ከባላቸው አፍንጫ ሥር ይዘው ትንፋሻቸውን ያዳምጣሉ። ዶን አሊሮም ነቅተው እንደሆነ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስለው ይተኛሉ፤ እጇን እንዳላሳፍርባት ብዬ ነው አሉኝ። ሴትዮዋ እምቢ እንዳይሉ ተዋናይቷ አለች፤ እሺ እንዳይሉ ባላቸው አሉ። ለአንዲት መበለት ይህን ያህል የተሟላ ዝግጅት ባሏ በእውነት የሞተባትም አግኝታ አታውቅም።

ስለዚህ ጥያቄያችን አንድ ብቻ ነው። ቡክሌቱ ይቆይ፤ ሰሌዳውም ይቆይ። ዶን አሊሮ ቢጫ ጃንጥላ ባዩ ቁጥር ወደ ወጥ ቤት መግባታቸውን፣ ግድ ከሆነ፣ ይቀጥሉበታል። ይህ ስም ግን ወደ ባሕር አይግባ። በጽሑፍ ያረጋግጡልን። ተጠራጣሪ ሆኜ ነው እንጂ ቃልዎ በበቃን ነበር፤ ዳሩ ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፣ ያ ሰሌዳ ላይም ገና ክፍት ቦታ አለ።

የተከበረው ጽሕፈት ቤትዎ በሕይወት ያሉትን ለማስረሳት፣ የሌሉትን ደግሞ ለማሳየት የሚያደርገውን ሳይታክት የሚቀጥል ጥረት ከላይ ወደ ታች እያየሁ፣ ይኸውም የምኖረው ከፍ ብዬ ስለሆነ እንጂ በሌላ ምክንያት ሳይሆን፣ ጥልቅ አክብሮቴንና ከዚያም ጠለቅ ያለ ጥርጣሬዬን በእግርዎ ሥር አኖራለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ እስከ ዛሬ ጠዋት በሕይወት ያለ፣

ባልዶሜሮ ኢንሱንሳ
ከቁጥር አራት ቀጥሎ ካለው፣ ማንም ሊያየው ካልመጣ ቤት

የተጨመረ ማስታወሻ፦ ፖስታውን ላሽግ ስል ዶኛ ኤደልሚራ በሬን አንኳኩ። ቆርጠዋል። ተዋናይቷ ትቅር፤ በፊተኛው ጀልባ የሚወጡትም፣ ጉንጉኑን በካሜራዎቹ ፊት የሚጥሉትም እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ግብዣዎን በሙሉ ልብ ተቀብለዋል። የቀረው ሪባኑ ብቻ ነው። ሪባኑን የሚጽፈው ሰው የደረጃችን ልጅ ስለሆነ የዶን አሊሮን ስም አልጽፍም ብሏል፤ ስም የሌለው ጉንጉን ደግሞ ለፎቶ አያምርም። እርስዎ በእንዲህ ያለ አጉል እምነት እንደማያምኑ በፊርማዎ ስላረጋገጡልን፣ ሙሉ ስምዎን ከአባትዎና ከእናትዎ የቤተሰብ ስም ጋር እስከ ሐሙስ ይላኩልን። ቢዘገይም አይጨነቁ፤ ስምዎ ከነፎቶግራፍዎ በቡክሌቱ መቅድም ላይ ስላለ ከዚያ እንገለብጠዋለን።