በአንድ ቀን ሁለት ሚስት አገባ ስለተባለው አማቼ

ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን
የካቲት 1988 ዓ.ም. (በክቡርነትዎ አቆጣጠር 1996)

ይድረስ ለተከበሩ የቪዛ ክፍል ኃላፊ፦

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነማኅተምዎና ከነመስኮትዎ እንደምን ሰነበቱ? በዚህ ብርድ ጉንፋን እንዳልነካዎ፣ ወንበርዎ እንዳልቆረቆረዎ፣ የቢሮዎም ማሞቂያ እንዳልተበላሸ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ውጭ የተሰለፍነው፣ ለእርስዎ ጤና ከመጸለይ ሌላ ሥራ ስላልተሰጠን፣ ደኅና ነን። የቢሮዎን ስም በዚህ በማኅበረሰባችን ጋዜጣ ላይ ያልጠራሁት ከአክብሮት የተነሣ ነው። ወደ ሕንድ አገር ለመሄድ ፓስፖርቱን ይዞ ደጅዎ የቆመ ሰው ያለ ስምም ያውቀዎታል።

እኔ ሥርጉት በየነ እባላለሁ። ባሌ የሞተብኝ፣ በነርሲንግ ሆም የአረጋውያን ልብስ የማጥብ፣ እንግሊዝኛን ከሰፈራችን ላይብረሪ መጻሕፍት ብቻዬን የተማርኩ ሴት ነኝ። ስለዚህ የላኩልንን ደብዳቤ ያለ አስተርጓሚ አንብቤዋለሁ፤ ያልገባኝ ቃል አንድም የለም፤ ያልገባኝ ሐሳቡ ብቻ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። አንድያ ልጄ ሔርሞን ባለፈው ዓመት ማኑ የሚባል የሕንድ ዜጋ አገባች። ማኑ ኬረላ ከሚባለው የደቡብ ሕንድ ክፍል ለትምህርት የመጣ፣ እንደኛው ኦርቶዶክስ የሆነ ልጅ ነው፤ እንከን ፈልጌ ስላጣሁበትም ለረጅም ጊዜ ተናድጄበት ነበር። ከሠርጉ ጥቂት ወራት በኋላ አባቱ በድንገት ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆነና፣ የቤቱ የበኩር ልጅ ስለሆነ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሚስቱ ልትከተለው ቪዛ ጠየቀች። ሔርሞን ነፍሰ ጡር ናት፤ ሆዷ ከገፋ በኋላ አየር መንገዱ አያሳፍራትም። ስለዚህ ቪዛው በቶሎ ካልተሰጣት፣ ልጁ የሚወለደው አባቱ በሌለበት፣ እዚህ በእኔ ቤት ነው።

ጉዳዩ ይህን ያህል ቀላል ነበር፤ ክቡርነትዎ እጅ እስኪገባ ድረስ። እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ምስጋናዎቼን፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ከሁሉ አስቀድሜ አማቼን ከፍ ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ። እኔ ማኑን አንገቱን የደፋ፣ የበላበትን ሳህን ራሱ የሚያጥብ ልጅ አድርጌ ነበር የማውቀው። በቢሮዎ ምርመራ ግን በአንድ ቀንና በአንድ ከተማ ሁለት ሚስት ያገባ ደፋር ሰው ሆኖ ተገኝቷል። የመንግሥቱ የጋብቻ ሰርተፊኬት ሙሽራይቱን ሔርሞን ይላታል። የቤተ ክርስቲያናችን ምስክር ወረቀት ግን፣ በእኛ ሥርዓት ሙሽሮች ሥርዓተ ተክሊሉ የሚደርስላቸው በክርስትና ስማቸው ስለሆነ፣ ወለተ ሚካኤል ይላታል፤ ቄስ ተሻገር በሚያምር የእጅ ጽሕፈታቸው ነው የጻፉት። ይህን ሁለተኛ ወረቀት ማንም አልጠየቀንም። ፖስታው ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። የማኑ ቤተ ክርስቲያንና የእኛ በሃይማኖት አንድ ስለሆኑ፣ ባለ መስቀሉን ማኅተም ያየ ሰው ልቡ ይራራል ብዬ ነበር። የመስኮትዎ ጸሐፊ ግን ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ልጄን «መጀመሪያ ከሌላይቱ ሚስት ጋር ያለው ጉዳይ ይጣራ» አላት። ቀጥሎም ወደ መስታወቱ ጠጋ ብሎ፣ «ደግሞ ሚካኤል የወንድ ስም አይደለም እንዴ?» ብሎ ጠየቃት። ልጄ ሳቋ አመለጣት፤ ጉዳዩን አቅልላ እንደምታይም ተጻፈባት። የመላእክት አለቃ በጣውንትነት ሲጠረጠር ይህ የመጀመሪያው ይመስለኛል፤ ለዚህ ታሪክ ምስክር ስላደረጉን ኩራት ይሰማናል።

2ኛ. ጋብቻው የእውነት መሆኑን ለማጣራት ማኑ ለልጄ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ስለተቀበሉና እስካሁን ስላልመለሱ አመሰግናለሁ። እነዚህን ደብዳቤዎች እኔ የማውቃቸው በፖስታው ውፍረትና ልጄ ይዛቸው መኝታ ቤቷ ገብታ በምትቆይበት ጊዜ ብቻ ነው። አሳዪኝ ብያት አላውቅም፤ እናት እንዲህ አትልም። ክቡርነትዎ ግን ሻይዎን ይዘው፣ እግርዎን ዘርግተው፣ ደመወዝ እየተከፈለዎ ያነቧቸዋል። እንደቀናሁብዎ አልደብቅም። ለመሆኑ ስለ እኔ ምን ይላል? ምስር ወጤን ያሞገሰው ከልቡ ነበር ወይስ በይሉኝታ? ልጄ ከእኔ የሸሸገችውን ፍርሃት ለእሱ ነግራው ይሆን? በማኅተም አድርገው በአንዲት መስመር ቢያሳውቁኝ ውለታዎን አልረሳም።

3ኛ. ለጎረቤቴ ለወይዘሮ ውቢት ልጅ ለሩቲ ስላሳዩት ፍጥነት አመሰግናለሁ። ሩቲ ሊዮ ከሚባለው ጓደኛዋ ጋር ታጅ ማሃልን ለመጎብኘት ፈለገች፤ ማመልከቻዋን ጣል አድርጋ ሄደች፤ ቪዛው መጣ። ውቢት ይህን የነገረችኝ አሳንሰር ውስጥ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ሥርጉትዬ፣ የሩቲ እኮ ወጣላት! እንደ ፒዛ ነው ያመጡላት። የሔርሞንስ?» አለችኝ። በሂደት ላይ ነው አልኳት። «ውይ፣ እናት ሆዬ! ሂደት ነው ወይስ ቅናት? ያንን የቤተ ክርስቲያን ወረቀት ሆን ብለሽ ነው የከተትሽው እያሉ ሲያሙሽ፣ እኔ እኮ አይደለም እያልኩ ስከራከርልሽ ነው የምውለው» ብላ ትከሻዬን ዳበስ አድርጋ ወረደች። ማን እንዳማኝ አልጠየቅኳትም፤ አሳንሰሩ ውስጥ ከእሷ በቀር የሚያወራ ሰው አልነበረም።

ክቡርነትዎን ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሩቲ ልታየው የሄደችው ሕንፃ አንድ ንጉሥ ለሞተችበት ሚስቱ ያሠራው መቃብር ነው። የሞተችን ሚስት መቃብር ለማየት የሚሄድ ሰው በሳምንት ቪዛ ያገኛል፤ በሕይወት ወዳለ ባሏ የምትሄድ ሚስት ግን ትመረመራለች። ጸሐፊዎም ቸር ሰው ስለሆነ ልጄን «ለምን በቱሪስት ቪዛ አትሄጂም?» ብሎ መክሯታል። ባሏን እንደ ሐውልት ዞር ዞር ብላ አይታው፣ ከጎኑ ፎቶ ተነሥታ፣ በወሊዷ ሰሞን ጊዜሽ አልቋል ተብላ እንድትመለስ ማለት ነው። ስለ ምክሩ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

4ኛ. ይህ ከሁሉ የሚበልጠው ውለታዎ ነው፤ ስለዚህ ረዘም ብል አይሰልቹብኝ። ቢሮዎ ሔርሞንና ወለተ ሚካኤል አንድ ሰው መሆናቸውን እናቷ በመሐላ እንድታረጋግጥ አዘዘ። እኔም ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ካለ ጠበቃ ዘንድ ሄጄ፣ እጄን አንሥቼ፣ ሁለት ያልወለድኩ መሆኔን ማልኩ። መልስዎ እንዲህ የሚል ነበር፦ የአመልካቿ የቤተሰብ ስም ሀብተማርያም፣ የምስክሯ ግን በየነ ስለሆነ፣ ምስክሯ የአመልካቿ እናት መሆኗ አልተረጋገጠም። ክቡር ሆይ፣ በየነ አባቴ ነው፤ ሀብተማርያም አባቷ ነው። እኛ ዘንድ ሴት ስታገባ ባሏን እንጂ ስሙን አትወስድም። ይህንንም ከልደት ምስክር ወረቀቷ ጋር ጽፌ ልኬያለሁ፤ ወረቀቱ በአማርኛ በመሆኑ ተርጓሚው ደግሞ እንዲረጋገጥ ታዟል።

እናቷ መሆኔን የተጠራጠረው መልስዎ የደረሰኝ ቅዳሜ ነበር፤ በማግስቱ እሑድ ደግሞ ከኬረላ ስልክ የሚደወልበት ቀን ነው። የምትደውለው የማኑ እናት አሌያማ ናት። ልጄ እየጮኸች፣ መስመሩ ስለማያሰማ ነው የሚጮኹት፣ «አማቺ! አማቺ!» ትላታለች። እኔ ለወራት ደስ ይለኝ ነበር። እዚህ አድጋም ቢሆን ቋንቋዋን አልረሳችም፣ ትንሽ ብቻ ተሳስታለች እል ነበር። በዚያ እሑድ ስልኩን ስትዘጋ፣ «የኔ ልጅ፣ አማት ነው እንጂ የምትባለው አማች አይደለም፤ አማች ማኑ ነው» ብዬ አረምኳት። ሳቀች። «ኖ፣ እማ! ኢንሎው ማለት እኮ አይደለም። በነሱ ቋንቋ እናት ማለት ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የታጠበውን ድስት እንደገና ሳጥብ ራሴን አገኘሁት።

ስለዚህ አቤቱታዬ ይህ ነው። አሌያማ ባላሳደገቻት ልጅ፣ ከፎቶ በቀር አይታት በማታውቃት ልጅ፣ ያለ ማኅተምና ያለ መሐላ እናት ተብላ ትጠራለች። ባሏ ታሞም ቢሆን አጠገቧ ነው። ልጇ ተመልሶላታል። በላከችው ፎቶ ላይ ቁንዶ በርበሬ የተጠመጠመበት ዛፍ፣ ለሔርሞን የተዘጋጀ አልጋ፣ ከአልጋውም አጠገብ ገና ላልተወለደው የተሰቀለ የሚወዛወዝ የጨርቅ መኝታ ይታያል። እኔ ግን ያጠባኋት እናት መሆኔን ለጸሐፊ በመስታወት ቀዳዳ አስረዳለሁ። ቅናት ምን እንደሆነ በብዙ መጻሕፍት አንብቤ ነበር፤ ሙሉ ትርጉሙን ያስተማረኝ ግን የእርስዎ ቢሮ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ የሚያስበውን አውቃለሁ፤ ውቢትም አስባዋለች። ክቡርነትዎ ከዘገዩ የምጠቀመው እኔ ነኝ። ልጄ አትሄድም፤ ሕፃኑ በእኔ እጅ ይወለዳል፤ መጀመሪያ የሚያየው የእኔን ፊት ይሆናል። ይህን ባላሰብኩ ይሻለኝ ነበር፤ አስቤዋለሁ። ልጄም እንዳሰብኩ አውቃለች። ባለፈው ሳምንት እራት ስናነሣ፣ ሳትቆጣ፣ «እማ፣ ያንን የቸርች ፔፐር ኦን ፐርፐስ፣ ሆን ብለሽ ነው የጨመርሽው?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም አልኳት። «ኦኬ» አለችኝ። ኦኬ የምትለው ሳታምን ስትቀር ነው።

ስለዚህ በአደባባይ እመልስላታለሁ። ወረቀቱን የከተትኩት በቅናት አይደለም፤ በኩራት ነው፤ የልጄን የክርስትና ስም በሚያምር ጽሕፈት አይቼው፣ ሌላም ሰው እንዲያየው ስለፈለግሁ ነው። ልጄ አማርኛ ስታነብ ቀስ ትላለች፤ ውቢት ግን ይህን ጋዜጣ ይዛ ሮጣ እንደምታነብላት አልጠራጠርም፤ ስለዚህም አስቀድሜ አመሰግናታለሁ። ባል ወዲያ፣ ሚስት ወዲህ ሆኖ መቆየት ምን እንደሚያመጣም ማንም አያስተምረኝም። ባለቤቴ ሀብተማርያም ቀድሞኝ ወደዚህ ከተማ መጥቶ ሲጠራኝ፣ የእኔ ወረቀት ሁሉ ተሟልቶ ነበር፤ የከለከለኝ መስኮት አልነበረም፤ ዛሬ ነገ ያልኩት እኔ ነኝ። የደረስኩት ለቀብሩ ነው። ከዚህ በላይ በጋዜጣ አልጽፍም።

ክቡርነትዎ እናቷ መሆኔን ከስሜ ማወቅ ካልቻሉ፣ ከዚህ ይወቁት። ልጄ ቤቴ ውስጥ እንድትቀር የምመኝ እኔ ነኝ፤ ሂደትዎ ምኞቴን እየፈጸመልኝ ነው፤ እኔ ግን እዚህ ቁጭ ብዬ፣ እባክዎን ይፍቀዱላትና ሌላ ሴትን «እናቴ» ወደምትልበት ቤት ትሂድልኝ ብዬ እለምንዎታለሁ። ይህን ከእናት በቀር ማን እንደሚለምንዎ ጸሐፊዎን ይጠይቁ። መልሱን ካጣው ማመልከቻው ይዘጋ፤ ካገኘው ግን፣ አየር መንገዱ በሩን ሳይዘጋባት፣ ዛሬውኑ ማኅተሙን ያንሣ።

ለክቡርነትዎ የተስተካከለ ወንበር፣ የማያልቅ ቀለምና ከእኔ የተሻለ ትዕግሥት እየተመኘሁ፣ ከመስታወቱ ወዲህ በአክብሮት ቆሜ፣ ገና ያልተረጋገጥኩ፣

ሥርጉት በየነ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጄ በሰላም ስትገላገል እኔም ለአራስ ጥየቃ ቪዛ እጠይቃለሁ። ቅጽዎን ከአሁኑ አይቼዋለሁ፤ የጉዞ ዓላማ በሚለው ሥር ለጉብኝት፣ ለንግድ፣ ለትምህርትና ለስብሰባ ቦታ አለው። ለቅናት ቦታ ስለሌለው በባዶው መስመር ላይ በእጄ እጽፈዋለሁ። ወረፋዬም ከዛሬ ጀምሮ ይያዝልኝ፤ በቢሮዎ ፍጥነት ሕፃኑ ራሱ ለጋብቻ ሳይደርስ እንድደርስለት ነው።