አልቀመጥ ያለችው ወፍ

ይድረስ ለልጄ ለሀጀር። የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ፤ አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ እንደ ልማዱ ነው። ወንድምሽ ጣሃም ከታክሲው ሌላ ወሬ የለውም።

በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩት የወፍ ነገር ልጽፍልሽ አልነበረም። ለትምህርቴ ነው ብለሽ እዚህ ሰፈራችን ጎሮ በየቁጥቋጦው የሚንጫጩትን ጥቃቅን ወፎች በየዓይነታቸው ፎቶ አንሺልኝ አልሽ። ያቺ ቢጫዋ አጥራችን ላይ ትጮሃለች፤ ስልኩን ሳነሳ ቅጠሉ ብቻ ይቀራል። ትናንት ግን አዲሱ ሕንፃ በር ላይ አርፋ ጥርት አድርጌ አነሳኋት። ዘበኛው ሮጦ መጣ።

«ማዘር፣ እዚህ መቅረጽ ክልክል ነው!»

«ወፍ ነው ያነሳሁት።»

«የታለች ወፏ?»

ዞር ብል የለችም። ስልኬን ተቀብሎ፣ በሩም አብሮ ገብቷል ብሎ ፎቶዋን አጠፋት። በንዴት ምሳ ሳልበላ ዋልኩ።

ስትደውዪ መጀመሪያ «ወፏ ተገኘች?» ነው የምትዪኝ፤ ጉልበቴን ጠይቀሽ አታውቂም። ነገም እወጣለሁ፤ ላንቺ ካልሆነ ለማን ልልፋ?

አላህ ያሰብሽውን ይሙላልሽ፤ በሰላም ያገናኘን። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ አንድ ቀን «የራስሽን ፎቶ ላኪልኝ» በዪኝ። እኔ እንደሆንኩ አልበርም።

እናትሽ ሐሚዳ