የሉባባ ጣሳ

ሰኞ

ቁልፉን አልሰጠኝም። ዛሬም።

"ሱፐርቫይዘሩ ሳያየው የተማሪ እጅ አይነካውም" አለኝ ርዕሰ መምህራችን እንድሪስ፣ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ። የክፍሉ በር ላይ በቀይ ቀለም "የትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ማዕከል" ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ ከካርቶን የተሠራ ሰዓት አለ፣ የእንጨት ሚዛን አለ፣ መስመር የተሰመረባቸው የውሃ መለኪያ ፕላስቲኮች አሉ፣ የጨፋ ሸለቆ ከነቦርከና ወንዙ በጭቃ ተሠርቶ ተቀምጧል። ግማሹን የሠራሁት እኔ ነኝ። ክረምቱን ሙሉ ጣቴ በሙጫ ተጣብቆ ነው የከረመው። አሁን የሚማርበት አቧራ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር ደግሞ የትምህርት መምሪያ ሰዎች ከሚሴ ድረስ ጠርተው "ተማሪን ያሳተፈ ትምህርት" የሚል ሥልጠና ሰጡን። አንድ ቀን ሙሉ ስለ ተሳትፎ ሲያወሩ ውለው ከእኛ አንዳችንም አፋችንን እንድንከፍት አልተፈቀደልንም። አበል ፈርመን ተመለስን።

የያዝኩት አምስተኛ ክፍል ነው። የሳምንቱ ርዕስ ይዘት፤ ሊትር፣ ግማሽ ሊትር፣ ሩብ። ዛሬ በጠመኔ ብቻ ሞከርኩት። ልጆቹ አፍጥጠው ያዩኛል፣ ግን የሉም። ሁሴን እንደ ልማዱ ተኛ። ደሜ ፈላ።

"ነገ ሁላችሁም ከቤታችሁ መለኪያ ይዛችሁ ኑ" አልኳቸው።

"ምን ዓይነት መለኪያ?"

"ቤታችሁ የሚለካበትን። ምንም ይሁን።"

ክፍሉ ተንጫጫ። እንድሪስ ቁልፉን ይብላው።

ማክሰኞ

ሆነ! ሆነልኝ!

የመጣውን ዕቃ ልጻፈው፤ የሕፃን ጡጦ፣ የጋዝ መቅጃ፣ የሽሮፕ ክዳን፣ ጆሮው የተሰበረ ኩባያ፣ የወተት ቅል፣ ገበያ ላይ እህል የሚሰፈርበት ጣሳ። ጣሳ የያዙት ብዙ ናቸው። ውሃ በጀሪካን ከቦኖ አስመጣሁ። ሕጉ ይህ ነበር፤ መጀመሪያ ገምት፣ ከዚያ ለካ፣ ከዚያ በግምትህና በልኩ መካከል ያለውን ልዩነት ተናገር። ወለሉ ጭቃ ሆነ። ከመስከረም ጀምሮ ድምፁን ሰምቼው የማላውቀው ሁሴን ተነሥቶ ተከራከረ፣ ያውም የእኔን ግምት! እሱ ልክ ነበር። እኔ አልነበርኩም። ደስ አለኝ።

ከሁሉ የበለጠው መጨረሻ ላይ መጣ። ሉባባ ይመር የምትባል፣ ከኋላ ወንበር የማትነሣ ዝምተኛ ልጅ አለችኝ። አባቷ እህል ነጋዴ ነው። እሷም ጣሳ ነው ያመጣችው፤ ሲያዩት ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው። ከሌላው ጣሳ ሙሉ ውሃ ወደሷ ሲገለበጥ ግን ፈሰሰ። ደገምነው፣ አሁንም ፈሰሰ። ገልብጠን አየነው። ቂጡ በመዶሻ ወደ ውስጥ ተመትቷል።

"ሶባ! ሶባ!" ብለው ጮኹ፣ በኦሮምኛ፣ ውሸት ነው እያሉ። አንዷ ደግሞ "እማየ ከነሱ እኮ ነው የምትገዛው!" አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሰሌዳው ላይ ሠንጠረዥ ሠርቼ "የሉባባ ጣሳ" ብዬ ጻፍኩና የጎደለውን ከሥሩ አሰመርኩበት። ለምን እንደጎደለ አስቡበት አልኳቸው። ደወል ተደውሎም አልወጡም። በማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ክፍለ ጊዜ አላየሁም። ሉባባ ጣሳዋን አቅፋ አንገቷን ደፍታ ነበር። ዓይናፋር ናት።

ረቡዕ

የገበያ ቀን። ክፍሌ ግማሹ ባዶ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ በገበያው በኩል አለፍኩ። ወሬው ቀድሞኛል። አንዲት ሴትዮ ጤፍ ልትገዛ የአቶ ይመርን ጣሳ አነሣች፣ ገለበጠችው፣ ቂጡን በጣቷ ዳሰሰችና አስቀምጣው ወደ ሌላ ሻጭ ሄደች። ከኋላዋ ያለችውም እንደዚያው። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ይሄ ነው ትምህርት! የከሚሴዎቹ አሠልጣኞች አዳራሽ ሰብስበው ይህን አላስተማሩንም።

ከሰዓት በኋላ ራሱ አቶ ይመር መጣ። የሉባባ አባት ብቻ አይደለም፤ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢም ነው። እንድሪስ ወንበሩን ለቀቀለት። ሁልጊዜ አንቱ ይለኝ የነበረ ሰው ዛሬ አንቺ ብሎ ጀመረ።

"እኔ ልጄን የላክሁ እንድትማር ነው ወይስ ገመናየን እንድታሰጪው?"

"ያሰጣሁት እኔ አይደለሁም፣ ጣሳው ነው" አልኩት።

"ጣሳው! እኔ ከምሬ ነው የምሸጥ። ልሙጥ አልሰፍር። ውሃ ይከመራል? እስቲ ንገሪኝ፣ እህል በውሃ የለካ ማን አለ?"

ይህን እንደ መከላከያ ይዞ መምጣቱ አሳቀኝ። "ታዲያ ቂጡን ለምን መቱት?" አልኩት። ከዚያ እኔን ትቶ ወደ እንድሪስ ዞረ።

"ክፍል ገብታ 'ተሳስቻለሁ፣ ጣሳው ሙሉ ነው' ትበል። ካላለች ሉባባ እዚህ ደጅ አትደርስም፤ ወላሂ!"

ወላሂ ብሏል። ምሎ የወጣ ሰው እንደዋዛ አይመለስም። ይማል! እኔም ሙሉ ነው አልልም።

ሐሙስ

ሉባባ አልመጣችም።

እንድሪስ ጠርቶኝ፣ "ሰአዳ፣ ምን አለበት፣ አንድ ቃል አይደል? በይውና ይለፍ" አለኝ።

"ለክፍል ሙሉ ልጅ ውሸት ላስተምር?"

"እንግዲያው ዝውውርሽንም አብረን እናየዋለን።"

እንዲህ ነው እንድሪስ። ካርቶን ሰዓት ሲሆን በቁልፍ ይጠብቃል፣ መምህር ሲሆን ግን ይበትናል። ይበትነኝ። የትም ቢጥለኝ ውሃና ዕቃ አይጠፋም።

በእረፍት ሰዓት ግን ልጆቹ ብይ ሲጫወቱ ቆሜ አየሁ። አንዱ አጭበረበረ። ሌሎቹ በአንድ ድምፅ "የሉባባ ጣሳ! የሉባባ ጣሳ!" አሉት። ትንሽ ቆይቶ መረብ ኳስ የሚጫወቱት ሴቶችም ያንኑ ሲሉ ሰማኋቸው። ስድብ ሆኗል። ትምህርት ቤቱን ሙሉ ዞሯል።

ክፍል እንደገባሁ ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁና ጮኽኩባቸው። ባለጌዎች አልኳቸው። ጓደኛችሁ አይደለችም ወይ አልኳቸው። ያ ከእንቅልፉ የቀሰቀስኩት ሁሴን ነው የመለሰልኝ።

"ባርሲስቱ፣ እርስዎ ነዎት እኮ የጻፉት።"

በኦሮምኛ መምህርት ሲለኝ በትሕትና ነው፣ ተንኮል የለበትም። የቀረውን ክፍለ ጊዜ መጽሐፍ አስገልብጫቸው ወጣሁ። ሁሴን ተመልሶ ተኛ።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ሉባባ ቤት ሄድኩ። ልጅቷን ላስመልስ እንጂ ይቅርታ ልጠይቅ አልነበረም አካሄዴ። እዚህ ደብተር ላይ የምዋሽለት ሰው የለም፣ እውነቱ ይህ ነው።

እናቷ እቴቴ ዘይነባ በሩን ይዛ ቆመች። ግቢ አላለችኝም። መንገድ የጠፋው ሰው እንኳ ግባ በሚባልበት አገር እኔ ደጅ ቆሜ ቀረሁ።

"ሌላ ማስተማሪያ አጣሽ? በእኔ ልጅ?" አለችኝ። "የሰው ልጅ ሰሌዳ ላይ ይሰቀላል? ትናንት ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ባዶ ጀሪካን ይዛ እያለቀሰች ነው የገባች። ልጆቹ ቦኖው ላይ ስሟን እየጠሩ።"

"እቴቴ፣ እኔ እኮ ጣሳውን ቂጡን አልመታሁትም።"

"እሱንማ የመታው ያውቃል!" አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ሉባባ ከእናቷ ጀርባ ግቢው ውስጥ ተቀምጣ ማሽላ ትለቅማለች። ቀና አላለችም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠየቅኳት። "ሉባባ፣ ቤታችሁ ሌላም መለኪያ አይጠፋም። ለምን ያንን አመጣሽው?"

"ልለካው ነዋ።"

እናቷ ዞር ብላ አየቻት።

"አባየን ጠይቄው ነበር" አለች ሉባባ፣ ማሽላውን እየበተነች። "'ቂጡ ቢመታም በክምሩ ይካካሳል' አለኝ። ይካካስ እንደሁ ልይ ብየ ነው ያመጣሁት። ማሽላም በፌስታል ይዤ ነበር፣ ቦርሳየ ውስጥ። እርስዎ በውሃ ለኩና ስሜን ጻፉት።"

ማሽላም ይዛ ነበር። ከክፍሉ ሁሉ ጥያቄ ይዛ የመጣችው እሷ ብቻ ነበረች። ሌሎቹ ዕቃ ይዘው ነው የመጡት። እኔ ደግሞ ቦርሳዋ ውስጥ ምን አለ ብዬ ሳልጠይቅ በስሟ አስጨበጨብኩ። አፈርኩ። እዚያው ደጅ ላይ ቆሜ እስኪያልበኝ ድረስ አፈርኩ። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልላት ፈልጌ ነበር፤ ልጅቷ ግን ማሽላዋን ይዛ ጓዳ ገባች።

እቴቴ ዘይነባ በሩን ስትዘጋ አላጋጨችውም። ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

ቅዳሜ

ጠዋት አቶ ይመር መደብር ሄድኩ። እህል ሲሰፍር አገኘሁት።

"ደፍረሽ መጣሽ?"

"በማሽላ እንለካው" አልኩት። "ከእርስዎ ክምር ጋር። የሚከምሩት ራስዎ፣ የምትለካው ሉባባ። እኔ እጄን አላስገባም። ከሞላ፣ ሰኞ ክፍል ገብቼ ሞልቷል እላለሁ።"

እንቢ ይላል ብዬ ነበር። ኩራቱ አላስቻለውም። ከጓሮ ሉባባን ጠራት። ያልተመታ ጣሳ ያምጡ ስለው ከመደርደሪያው ሥር ራሱ አወጣው። ከገበሬ የሚገዛበት ነው። ለመሸጫ አንድ፣ ለመግዣ ሌላ። ምላሴ ጫፍ ላይ የደረሰውን ነገር ነክሼ አስቀረሁት፤ ለእኔ ይህ ትልቅ ሥራ ነው።

ከመረ። ያሳዝናል አከማመሩ። ፍሬው በጎን እየተንሸራተተ ሲወርድ በመዳፉ እየሰበሰበ ይመልሳል። ለማንም ገዢ እንደዚህ ከምሮ እንደማያውቅ እኔም እሱም እናውቃለን። ሉባባ አንዲት ፍሬ ሳታፈስስ ወደ ደህናው ጣሳ ገለበጠችው። በእጇ ደልደል አደረገችውና ጎንበስ ብላ በአፉ ልክ አየችው።

"ጎድሏል" አለች። ደግማ አየችውና፣ "በውሃ የጎደለውን ያህል ግን አይደለም።"

የመጀመሪያው ለአባቷ ነበር። ሁለተኛው ለእኔ።

ይመታታል ብዬ ሰጋሁ። አቶ ይመር ልጁን ብዙ አያት፣ ከዚህ በፊት አይቷት እንደማያውቅ ሰው። "ሂጂ፣ ግቢ" አላት፣ ድምፁ ቀጥኖ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ጨረስሽ?" አለኝ። ጨረስኩ አልኩት። ጀርባውን ሰጠኝ። ሰኞ ትመጣለች ወይ ብዬ ለመጠየቅ ወኔው ከየት ይምጣ።

ሰኞ

መጀመሪያ የእኔን ተናገርኩ። ጠመኔ ሳልይዝ።

"ማክሰኞ እህል በውሃ ለካሁ፤ ተሳስቻለሁ። የልጅ ስም ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፤ እሱ ደግሞ ከስህተትም የከፋ ነው። ያንን ስም ለስድብ የሚጠራ ከእንግዲህ ከእኔ ጋር ነው ጠቡ። ጣሳው ግን ጎድሏል። በማሽላም ተለክቶ ጎድሏል።"

ይህን ስል ወንበሯ ባዶ ነበር። እንድሪስ በመስኮት አንገቱን አስግጎ ሰምቶኛል፤ የዝውውሩን ነገር ዛሬውኑ ይጀምረዋል። ይጀምረው።

ከእረፍት በኋላ ሉባባ መጣች። አባቷ ራሱ ነው እስከ አጥሩ ያደረሳት። አየኝ፣ ሰላም አላለኝም፣ እኔም አላልኩትም። መሐላውን ለመፍታት ድሃ አብልቷል አሉኝ የሰፈሩ ሴቶች፤ እቴቴ ዘይነባ እንቅልፍ ነስታው እንደከረመችም ነገሩኝ። የጣሳው ቂጥ ተቃንቶ ይሁን እንደተመታ ይሁን የሚያውቅ የለም። ረቡዕ ገበያ ላይ ይታያል።

ልጅቷ ከኋላ አልተቀመጠችም። መሐል ገባች። ማንም አልሳቀባትም፣ ሁሴንም ነቅቷል። ልንወጣ ስንል እጇን አወጣች።

"ባርሲስቱ፣ ለነገ ከቤት ምን ይዘን እንምጣ?"

ክፍሉ ሁሉ እኔን ያያል። ባለፈው ሰኞ ቢሆን ዓይኔን ሳላሽ እመልስ ነበር።

"ምንም" አልኩ። "ነገ የምትለኩት የእኔን ቤት ዕቃ ነው። እኔ አመጣለሁ።"

አጨበጨቡ፣ በተለይ እሷ።

ይኸው ቤቴን እየዞርኩ ነው። ኩባያውን አነሣሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። የዘይት ጠርሙሱን፣ ገንቦውን፣ የበርበሬ ቆርቆሮዬን፣ ሁሉንም አገላብጬ ቂጣቸውን አየሁ። እነዚያ ልጆች ፊት ሳልፈራ የማስለካው ዕቃ እስካሁን አላገኘሁም።