ፑንቲናዋ የወጣላት ቮልስ

ሚያዝያ 22

ከሸዋ ቤንች ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። ቮልሷ ዳገቱ ወገብ ላይ አንዴ አነጠሰች፣ ሁለቴ... ከዚያ ዝም። ከኋላ የሞተሩን ክዳን ከፍቼ በአንድ እጄ ጃንጥላ፣ በአንድ እጄ ካሻቪቴ። ያው ፑንቲናው ነው፣ እየገጠመ እየተላቀቀ እሳት የሚያስነሳው ትንሽ ብረት። እርጥበት ሲነካው ይበላሻል፣ ካንዴላዎቹም እሳት አያገኙም። ይህ አገር ደግሞ በዓመት ስንት ቀን ነው ደረቅ የሚሆነው?

የክብሪት ቀፎ ቀድጄ በሚጫርበት ጎኑ ፈገፈግኩት። የሚዛን ከተማ መካኒክ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚሠራው፤ እኔም ከጋሽ ኸይሩ ነው የተማርኩት። ተነሳች። ቤት እስክደርስ አንዴ ደግማ ቆመች።

አንድ ባለ ባጃጅ ቀስ ብሎ አጠገቤ ደረሰ። "እናት፣ ይቺን ይሽጡና ባጃጅ ይግዙ፣ እኔ እሾፍርልዎታለሁ።" ምን ብዬ እንደመለስኩለት እዚህ አልጽፍም።

ሚያዝያ 24

ይትባረክ መጣ። የሟቹ ባሌ የዓባይነህ ታናሽ ወንድም ነው። ለቮልሷ አዲስ አበባ የድሮ መኪና የሚሰበስብ ገዢ አግኝቷል። ገና ሳይቀመጥ ጀመረ።

"እትዬ፣ ሰውዬው የሚፈልጋት ከፋብሪካ እንደወጣች ነው። አንዲት ብሎን እንዳይነኩባት። ወንድሜ እንዴት አድርጎ እንደያዛት ያውቃሉ።"

አውቃለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጎኑ ተቀምጬ አይቻለሁ። መሪዋን አንድ ቀን አላስነካኝም። ሦስት ጊዜ "አስተምረኝ" አልኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ ሳቀ። መንዳት የተማርኩት እሱን ከቀበርኩ በኋላ፣ በሃምሳ አምስት ዓመቴ፣ ራሴ ፊዚክስ ካስተማርኳቸው ልጆች ጋር ተሰልፌ ነው። ሰው "ለባሏ መታሰቢያ አስቀምጣት ነው" ይላል። ይበል። ለእሱ መታሰቢያ ሐውልት አሠርቼለታለሁ። ቮልሷ ግን የምሄድባት ናት።

ችግሩ ሊብሬው አሁንም በእሱ ስም ነው። ወራሾቹ እኔና ልጄ ወለላ። ወለላ ካልፈረመችልኝ ወደ ስሜ አይዞርም። እሷ ደግሞ የአጎቷን ነው የምትሰማ።

ሚያዝያ 25

ወለላ ከሐዋሳ ደወለች። ማን እንዳስደወላት አላጣሁትም።

"እማዬ፣ አጎቴ እውነቱን ነው። ስልሳ አንድ ዓመትሽ ነው። መንገድ ላይ ብትቀሪስ?"

"እቀራለኋ። ከዚያ እነሳለሁ።"

ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ይሁን እሷ... አላውቅም። መልሼ አልደወልኩም።

ግንቦት 2

ባስልኤል ትዝ አለኝ። አስተምሬዋለሁ፤ አሁን አዲስ አበባ የመኪና ዕቃ ይሸጣል። ደወልኩለት።

"ቲቸር፣ ለቮልስ የሚሆን ኤሌክትሮኒክ አለ። ፑንቲናውን አውጥተው እሱን በቦታው ያስገቡ። አይፈገፈግ፣ አይበላ፣ እርጥበት አይነካው። ሁለት ሽቦ ብቻ ነው።"

ሁለት ሽቦ! ሠላሳ ስድስት ዓመት ስለ ኤሌክትሪክ ሳስተምር ኖሬ ሁለት ሽቦ ይቸግረኛል? ላክልኝ አልኩት።

ግንቦት 9

በአውቶቡስ ደረሰ፤ በብስኩት ካርቶን ተጠቅልሎ። የአውራ ጣት የምታክል ጥቁር ነገር፣ ቀይና ጥቁር ሽቦ፣ አንዲት ማግኔት ያላት ቀለበት፣ በደቃቅ እንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት። ወደ ጋሽ ኸይሩ ጋራዥ ይዤ ሄድኩ። ገለበጠው፣ አሸተተው።

"ይሄ የት ጋ ነው የሚፈገፈገው?"

"አይፈገፈግም ጋሽ ኸይሩ።"

"ታዲያ ሲበላሽ ምን ይደረጋል?"

ዕቃውን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

"እኔ እጄን አላስገባም ቲቸር። ነገ ይትባረክ የሚጠይቀው እኔን ነው።"

"እንግዲያው መፍቻ ያውሱኝ። እኔው አስገባዋለሁ።"

ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሴት መፍቻ ስትጠይቀው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። አዋሰኝ።

ግንቦት 10

ገባ! ከጠዋት እስከ ምሳ ፈጀብኝ። ክዳኑን አነሳሁ፣ ፑንቲናውን ፈታሁ፣ በቦታው ጥቁሩን አሰርኩ፣ ቀለበቷን ዘንጉ ላይ አጠለቅኩ። ቀዩ ሽቦ እሳቱን ወደሚያበረታው ወደ ቦቢናው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ወደ ኔጌቲቭ። ወረቀቱ ላይ ሥዕል ስላለ ማንበብ እንኳ አላስፈለገኝም። ቁልፉን ሳዞር ገና ግማሽ ዙር ሳትዞር ተነሳች። ሳል የለ፣ ማነጠስ የለ።

ጋራዥ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ መጣ። ጋሽ ኸይሩ ሞተሩ ላይ መዳፉን አድርጎ ትንሽ ቆየ። ጥሩ ነው አላለም። አሮጌውን ፑንቲና በላስቲክ ጠቅልሎ ከመሪው ጎን ያለችው ሳጥን ውስጥ ከተተልኝ።

"ያዢው። ፑንቲና ከመሞቱ በፊት ያስላል። ይሄኛው ሳይናገር ነው የሚሄድ።"

ለትሕትና ያህል ተቀበልኩት።

ግንቦት 13

ሸዋ ቤንች ደርሼ መልስ። ሲያወርድ ዋለ። አንድም ጊዜ አልቆመችም። ባለ ባጃጁን ፈልጌ አጣሁት።

ግንቦት 15

ይትባረክ ሰምቶ መጣ። ፊቱ ቀልቷል።

"አበላሿት! ሰውዬው ቅርስ ነው የሚፈልገው። ምን እንደነኩ አሁን ምን ብዬ ልንገረው?"

"ፑንቲና ከወደደ ራሱ መልሶ ያስገባው።"

"እንዲያው እትዬ፣ የወንድሜ ነገር ምንም አይከብድዎትም?"

ይህን ያለው ጋሼ ኃይለጊዮርጊስ ፊት ነው፤ የአባታቸው ወንድም፣ የቤተሰቡ ሽማግሌ። ደሜ ፈላ። አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። የአክስታቸው የእትዬ ማናልሞሽ ተዝካር ግንቦት 24 ጌጫ ነው አይደል? በዚህች ቮልስ ጌጫ ደርሼ ሚዛን እመለሳለሁ። ከሞተች፣ አልነሳም ካለች፣ ቁልፉን ለይትባረክ። ካልሆነ ግን የሽያጭ ወሬ ሁለተኛ እንዳይነሳ። ጋሼ ኃይለጊዮርጊስ "ሰምተናል" አሉ። ይትባረክ ፈገግ አለ።

ማን ተናገሪ አለኝ? ማንም።

ግንቦት 24፣ ቴፒ

አልቤርጎ ይዣለሁ። ጥፍሬ ሥር ጥቁር ቅባት አለ፣ በሳሙና አልለቅ አለ። ሁሉንም ልጻፈው።

ጠዋት በሸኮ አድርጌ ቴፒ፣ ከዚያ የጌጫን ዳገት። ዝናብ፣ ጭጋግ፣ ጭቃ፣ የጭነት መኪና በየኩርባው። ቮልሷ ወይ ፍንክች። ጌጫ ስገባ ይትባረክ በር ላይ ቆሞ ነበር። ጥሩምባ አደረግኩለት። ልክ አልነበረም፣ ተዝካር ነው፤ ግን አደረግኩት።

ከምሳ በኋላ መብራት ጠፋ። ጋሼ ኃይለጊዮርጊስ ከወንዶቹ ጋር ደጅ ተቀምጠዋል። "ሰርኬ፣ ዛሬ ኳስ አለ። እስቲ የመኪናሽን ሬዲዮ ክፈችልን።" ሬዲዮዋ ቁልፉ ካልተከፈተ አትሠራም። ከፈትኩላቸው፣ ወደ ሴቶቹ ገባሁ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆየሁ... እቃ እያጠብኩ፣ እየተጫወትኩ።

ልሄድ ስነሳ የተቃጠለ ሽታ። ቦቢናው አያስነካም። ቁልፉን ባዞር ሞተሩ ይዞራል፣ እሳት የለም። ደግሜ። ደግሜ። ወንዶቹ ሬዲዮውን ትተው ይመለከቱኛል።

ወረቀቱን አወጣሁ። ጀርባውን ገለበጥኩ። የመጀመሪያው መስመር፣ በደማቁ፦ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ከፍተው አይተዉ፣ ዕቃው ይቃጠላል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ "መመሪያውን ሳታነቡ አትጀምሩ" እያልኩ የተማሪ ጆሮ ያደነቆርኩ ሴት! ጋሼን እንዳልወቅስ እሳቸው ምን ያውቃሉ። ይትባረክን እንዳልወቅስ አልነካትም። ራሴ ነኝ። በትክክል ተሸነፍኩ።

ይትባረክ መዳፉን ዘረጋ። አልጮኸም፣ ያንን ልመስክርለት። "ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው እትዬ።"

ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። ልሰጠው እጄ ተነስቶ ነበር፣ አዎ፣ ለራሴ አልዋሽም። ከዚያ መለስኩት።

"አልሰጥም።"

"ቃል ገብተዋል እኮ!"

"ገብቻለሁ። ተሸንፌያለሁ። ቃሌን በላሁ። አልሰጥም።"

ጋሼ ኃይለጊዮርጊስ አንገታቸውን ደፉ። "ሰርኬ፣ ነውር ነው።"

"ነውር ነው ጋሼ። ያውም በተዝካር። ግን አልሰጥም።"

ዓይኔን በጨው ታጥቤ ሞተሩ ክዳን ሥር ተንበረከክኩ፣ በነጠላዬ፣ ጭቃው ላይ። የተቃጠለውን ፈታሁ፣ አሮጌውን ፑንቲና ከላስቲኩ አውጥቼ አሰርኩ። ክፍተቱን የሚለካ ነገር የለኝም፤ ከሲጋራ ፓኮ ቁራጭ ለምኜ በእሱ ለካሁ። ማንም አላገዘኝም፣ ማንም አልሄደም። ባትሪው ደግሞ ደክሟል። ቁልፉን ባዞር ትን ብሎ ቀረ።

ጋሼ ኃይለጊዮርጊስ ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። "ግፉላት" አሉ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። "ግፉላት አልኩ። አልሰጥም ብላለች፤ ትሂድ በቃ።"

ገፉልኝ። ይትባረክ አልገፋም። ቁልቁለቱ ላይ ተነሳች፤ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመችብኝ፣ ሁለት ጊዜ በክብሪት ቀፎ ፈገፈግኩ። አሁን ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። አፍሬያለሁ። ሰጥቼ ቢሆን ኖሮስ? አፍሬም፣ በእግሬም ነበርኩ።

ግንቦት 27

ወለላ።

"እማዬ፣ ቃልሽን በላሽ ይባላል።"

"በላሁ።"

ሰበብ እንድሰጣት ትጠብቅ ነበር መሰለኝ። አልሰጠኋትም።

"ፑንቲናውን ማን መለሰው?"

"እኔ።"

"በነጠላ?"

"በነጠላ።"

ሳቀች? አለቀሰች? በስልክ አይለይም።

ሰኔ 5

የይትባረክ ሚስት ገበያ ላይ አይታኝ መንገድ ቀየረች። በዘመድ ማኅበራችንም የእኔ ተራ ሲደርስ ዘለሉኝ። ይከፋኛል። "ምንም አይመስለኝም" ብዬ ለሰው እናገራለሁ፣ እዚህ ግን... በጣም ነው የከፋኝ። አንድ ተማሪ እንዲህ ቢያደርገኝ ኖሮ ወላጅ አስጠራው ነበር።

ግን ነገሩን ገልብጬ አየሁት። እኔ የገባሁት ቃል መኪናዋን የማስረከብ ነው። ማን ነው መጀመሪያውኑ የእኔን ዕቃ ለውርርድ ያስያዘው? እኔው። ሞኝነቱም ቃል መብላቱም የእኔ ነው። በቃ።

ሰኔ 12

ባስልኤል ሁለተኛውን ላከ። "ቲቸር፣ ወረቀቱን..." አለኝ። "አንብቤዋለሁ፣ በፊትም በጀርባም!" አልኩት።

ጋሽ ኸይሩ ዛሬ እጁን አስገባ። እኔ ሽቦውን ሳስር እሱ ለሬዲዮዋ ከባትሪ በቀጥታ የሚሄድ ለብቻዋ መስመር ዘረጋላት፤ ቁልፉ ቢዘጋም ትዘፍናለች። "ይህን ያኔ ብናስብ ኖሮ" አለ። ብናስብ አለ፤ ብታስቢ አላለም።

ሰኔ 28

ወለላ ከሐዋሳ መጣች። ሳትነግረኝ። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወጥታ ቮልሷን ዞረች፣ የሞተሩን ክዳን አስከፈተችኝ፣ ጥቁሯን ነገር አየቻት።

ውልና ማስረጃ አብረን ሄድን። እስክሪብቶውን ይዛ ቆመች።

"አጎቴ ይቀየመኛል።"

"ይቀየምሻል።"

"አባዬስ ቢኖር?"

"አባትሽ ቢኖር ጎኑ ተቀምጬ ነበር።"

ፈረመች። ስትወጣ እጄን ያዘችኝ።

ሐምሌ 16

ሊብሬው ወጣ። ሰርካዲስ ይላል። ጋሼ ኃይለጊዮርጊስ ዘንድ ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ነበር፤ ቃል ስለበላሁ ይቅርታ፣ ስላልሰጠሁ አይደለም። ሁለቱን ለይቼ ነገርኳቸው። "ዱሮም አስተማሪ ነሽ" አሉኝና ምሳ አስቀረቡ። ይትባረክ እዚያው ነበር፤ ተነስቶ ወጣ።

ሐምሌ 20

ጠዋት ተነሳሁ። ልቅሶ የለም። ገበያ የለም። ስብሰባ የለም። የታመመም ሰው የለም። ዝናቡ ያወርዳል። ቮልሷን አስነሳሁና ቴፒ ሄድኩ።

ሸኮን እንዳለፍኩ የይትባረክ መኪና ከፊት ለፊት መጣ። ጥሩምባ ነካ አደረግኩለት፣ ለሰላምታ። ወደ ፊት እያየ አለፈኝ። ልቤን ቆረጠኝ። መንገዴን ግን ቀጠልኩ።

ቴፒ ሻይ ቤት ውድነሽን አገኘኋት፤ አብረን ያስተማርን ናት። ደነገጠች።

"በዚህ ዝናብ ምን እግር ጣለሽ? ደህና አይደላችሁም?"

"ደህና ነን።"

"ሰው ልትጠይቂ ነው?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ምን ልታደርጊ መጣሽ?"

ሻዬን እስክጨርስ አሰብኩት። ስልሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያለ ጉዳይ የትም ሄጄ አላውቅም።

"ምንም" አልኳት። "ነድቼ መጣሁ።"